አፓረንት ልውጣ ወይስ ይቅርብኝ? ከየኔታ ደጃፍ እስከ እንጦጦ ፓርክ

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ቡናውን ይዞ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለም እዚያው ቆሞ ያንብበው። ሰልፉ እንደሆነ ከኔ ጽሑፍ በላይ ይረዝማል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሦስተኛ ዓመት የቱሪዝም ተማሪ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ አፓረንት መውጫችን ደርሷል። እንጦጦ ፓርክ ላመለክት አስቤ ነበር። አባቴ ግን "ሦስት ዓመት የተማርሽው ፈረስ ልትጎትቺ ነው?" አለኝ። ደግሞ ክፍያ የለውም ይባላል። ምን ይሻለኛል?»

በሁለት መስመር ልመልስላት ጀምሬ ተውኩት። አንደኛ፣ ጥያቄው የሷ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ይሄ ወቅት ሲመጣ ስልኬ በዚህ ጥያቄ ይሞላል። ሁለተኛ፣ የታሪክ መምህር ወደ ኋላ ሳይሄድ መልስ የሰጠ አይመስለውም። ሦስተኛ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እኔ ራሴ የምናዘዘው ነገር አለኝ። እሱን ወደ መጨረሻው አደርሳችኋለሁ።

ከቃሉ እንጀምር

«አፓረንት» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው «አፕረንቲስሺፕ» ተቆርጦ የቀረ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያሉት «ኢንተርንሺፕ» ይሉታል። የቴክኒክና ሙያ ሰዎች በወረቀት ላይ «የትብብር ሥልጠና» ብለው ይጽፉታል። ተማሪው ግን ሁሉንም ጠቅልሎ «አፓረንት ወጣሁ» ይላል። «ወጣሁ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ዘመቻ ወጣ፣ አደን ወጣ እንደሚባለው ነው። ከቤት ወጥቶ፣ የማያውቀውን ነገር አይቶ የሚመለስ ሰው ቃል ነች።

ሕጉም ቢሆን ነገሩን ለየት አድርጎ ነው የሚያየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለትምህርትና ለሥልጠና ተብሎ የሚደረግን ግንኙነት ከተለማማጅነት በስተቀር አይሸፍንም። በቀላል አማርኛ፣ ኮሌጅ በደብዳቤ የላከው ተማሪ እንደ ሠራተኛ አይቆጠርም፣ ግን ይሠራል። እንግዲህ ሠራተኛ ካልሆነ ለጉልበቱ የሚያገኘው ምንድን ነው? የዛሬው ጽሑፌ ሙሉ በሙሉ ይቺ ጥያቄ ናት።

የየኔታ ደጃፍ

በእኛ አገር ተማሪ የትምህርቱን ዋጋ በጉልበቱ መክፈል የጀመረው ዛሬ አይደለም። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ ይበላል። ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ካስፈለገም እርሻቸው ላይ ይውላል። ደመወዝ የለም፣ አበል የለም፣ ሰርተፊኬት የሚባልም የለም።

ግን ደግሞ አንድ ነገር ነበረው። የኔታ ይሰሙታል። ያጠናውን ይዞ ፊታቸው ይቆማል፤ አንድ ፊደል ሲስት እዚያው ያርሙታል። ዓይናቸው የጠፋ የኔታ እንኳ በጆሯቸው ብቻ የሃያ ተማሪ ስህተት ለይተው ያውቃሉ። ልጁ ውሃ የቀዳው በነፃ አይደለም። የሚሰማው ሰው ገዝቶበታል።

ሌላውን ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ እንውሰድ፣ ሽሮ ሜዳን። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሙያቸውን ለልጅ ያስተላለፉት በዚሁ መንገድ ነው። ልጁ ከጌታው አጠገብ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ ክር ያጠነጥናል፣ ቀስ በቀስ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ መወርወሪያውን ይይዛል፣ በመጨረሻ ጥለት ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ግን የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽም አለው። «ሙያ ይማርልሃል፣ ትምህርት ቤትም ይገባልሃል» ተብሎ ከገጠር የመጣ ስንት ልጅ አለ፣ ዓመታት ክር ሲያጠነጥን ኖሮ ጥለት የሚያሳየው ሰው ያጣ! ሁለቱም ልጆች የተቀመጡት አንድ ዓይነት ጉድጓድ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚለያቸው አጠገባቸው ያለው ሰው ያስተምራል ወይስ ያሠራል የሚለው ብቻ ነው።

መንግሥት «ውጡ» ሲል

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት እንምጣ። ከእንጦጦ ወደ ከተማው ስትወርዱ የምታገኙት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። በደርግ ዘመን እንጦጦ የሚል ስም ተሰጠው፣ በኋላም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆነ። የአገሪቱን ሹማምንት ያፈራው ግቢ ዛሬ ተማሪዎቹን ቱታ አልብሶ ወደ ጋራዥና ወደ ወርክሾፕ ይልካል። እኔ ይሄን እንደ ውርደት አላየውም፤ የሚያዩት ግን አሉ።

በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተመሠረተ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል አለበት። አብዛኛው በአስተማሪነት ነበር የሚመደበው። መጀመሪያ ላይ ተማሪው አኩርፏል። ትምህርታችንን ያቋርጥብናል፣ ማን ጠየቀን ብሎ ተቃውሟል። ዞሮ ዞሮ ግን ሄደ። አዲስ አበባን ብቻ ያውቅ የነበረ ልጅ የገበሬውን ቤት አየ፣ ጭሰኛው ምን እንደሚከፍል አየ።

«መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት የተሰማው በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 1957 ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አገልግሎቱ ወለደው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በየዓመቱ ከአውራጃ የሚመለሰው ተማሪ ለጥያቄው ሥጋ አለበሰው፤ ከመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ አይቶ መጣ። ያየውን ግን የሚሰማው ባለሥልጣን አላገኘም። እንደኔ አረዳድ የዚያ ትውልድ ድምፅ እየጎረነነ ከሄደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ሂድና እይ ተባለ፤ ሲመለስ ምን አየህ ያለው የለም።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉም ይገዝፋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ሁለት ክፍሎችም ተዘጉ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ካኪውን ለብሶ ወደ ገጠር ተላከ። ማይምነት ማጥፋት፣ ገበሬ ማደራጀት፣ ትምህርት ቤት መሥራት፣ በየካቲቱ አዋጅ መሠረት የመሬትን ነገር ማስረዳት።

ታላቅ ወንድሜ ከነሱ አንዱ ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ሲመለስ የነበረው ንብረት አንድ ደብተር ብቻ ነው። ፊደል ያስቆጠራቸውን ሰዎች ስም በሙሉ ጽፎበታል፤ አጠገቡም ማን የት ላይ እንደደረሰ፣ «ሀ እስከ ቀ»፣ «ስሙን ጻፈ»፣ «ታመመ፣ ቀረ» እያለ። ዓመታት ካለፉ በኋላ «ይሄን ለማን አስረከብክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ለማን ላስረክብ? የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ደብተሩ አሁንም እናታችን ሣጥን ውስጥ አለ።

እንግዳ መቀበልም ትምህርት ሆነ

የተማሪዬ ዘርፍ ቱሪዝም ነውና ወደሱ ልሻገር። በኢትዮጵያ ቱሪዝም በመንግሥት ደረጃ ሥራ ተብሎ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ስማቸው አብሮ የሚነሳው አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። አሜሪካ ተምረው የተመለሱ ወጣት ነበሩ። የዘመን አቆጣጠራችንን ለእንግዳ መጥሪያ አድርገው «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ያወጡት እሳቸው ናቸው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የሆቴልና ቱሪዝም ባለሙያ የሚያፈራ ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ ብዙዎቻችሁ ሲቲቲአይ በሚለው ስሙ የምታውቁት።

ይሄ ሙያ ከሌላው የሚለየው በመጽሐፍ ብቻ ጨርሶ የማይያዝ መሆኑ ነው። ትሪ መሸከምን በኖት አትማሩትም። የተቆጣ እንግዳ ፊት እንዴት እንደሚቆም ፓወር ፖይንት አያሳያችሁም። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ተማሪ «ወጣ» ማለት የትምህርቱ ተጨማሪ ሳይሆን ግማሹ ነው።

ሌላው ዓለምም ይሄን ያውቃል። ዲዝኒላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ የፍሎሪዳው ትልቁ ግቢ ደግሞ በ1971። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ፍሎሪዳ ላይ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለወራት እየተቀበሉ ያሠራሉ። ልጆቹ ትኬት ይቆርጣሉ፣ መጫወቻ ላይ ሰው ያሳፍራሉ፣ ይጠርጋሉ፣ የተረት ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሰው ከሕፃናት ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ከደመወዙም የቤት ኪራይ ይቆረጥባቸዋል። እዚያም ቢሆን ክርክሩ አንድ ነው። አንዱ «ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው» ይላል፣ ሌላው «ርካሽ ጉልበት ሆኜ ተመለስኩ» ይላል። አያችሁ? ሀብታም አገርም ሆኖ ጥያቄው አልተፈታም።

ኮረብታው ራሱ

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ። እዚያ ልምምድ የሚወጣ ተማሪ የቆመበትን መሬት ካላወቀ እንግዳውን ምን ሊነግረው ነው?

ዳግማዊ ምኒልክ፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እዚህ ተራራ ላይ ተከሉ። ለጥበቃ ጥሩ ነው፤ ሸዋን ሁሉ ያያል። ለኑሮ ግን ከባድ ነበር። ከፍታው ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋና በቦታው የሚያልፍ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አካባቢ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከተማው ቁልቁል ወረደ። ያም ሆኖ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ተመልሰው ወጥተው እንጦጦ ማርያም ነው።

አዲስ አበባም ብትሆን በማገዶ እጦት ልትፈታ ምንም አልቀራትም ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ካቆሟት ነገሮች አንዱ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል። ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ተመናምኖ የነበረው ተራራ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ።

ያንን ባሕር ዛፍ ለመቶ ዓመት ወደ ከተማው ያወረደው ማነው? ሴቶች ናቸው። የካ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ከኔ መስማት አያስፈልገውም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ጠርገው፣ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እስር በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አይተናል። አንዳንዶቹ እርጉዝ ነበሩ። የደን ጠባቂ ያባርራቸዋል፣ ጅብ ያስፈራራቸዋል፤ ማታ ደግሞ የኛ እናቶች ያንኑ ጭራሮ ገዝተው እንጀራ ጋገሩበት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚያ እሳት የተጋገረ እንጀራ በልቼ ነው።

የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት በተራራው ላይ ሥራ የጀመረው ዛሬ የምናየው ፓርክ ከመኖሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በመስከረም 2012 አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ተከፈተ፤ ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች፣ የሥዕል ማሳያ፣ እንዲሁም ኩሪፍቱ የሚያስተዳድረው የጀብዱ መጫወቻ ከነዚፕላይኑና ከነጎካርቱ። እንጨት ሲለቅሙ ከኖሩት ሴቶችም በፓርኩ ሥራ ያገኙ አሉ።

እንግዲህ ተመልከቱ። አንድ ተራራ ነው፤ መጀመሪያ ምሽግ፣ ቀጥሎ ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎ የማገዶ ጎተራ፣ አሁን መናፈሻ። በየዘመኑ ዳገቱን የሚወጣና የሚወርድ ሠራተኛ ነበር። አሁን ተራው የተማሪዋ ነው።

ደብዳቤ፣ ማህተም፣ ሎግ ቡክ

ላልወጣችሁት፣ ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከኮሌጅ የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማህተም ያረፈበት። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ይዛችሁ ዳገቱን ከወጣችሁ ብርዱን ብቻ ተቀብላችሁ ትመለሳላችሁ። በሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱን መዝገብ ቤት «ገቢ» ብለው ይምቱላችሁ። ከዚያ ሰው ሀብት ክፍል፣ ከዚያ «ሰኞ ተመለሱ»፣ ከዚያ አጭር ቃለ መጠይቅ። እንግሊዝኛ ትችያለሽ? ቅዳሜና እሑድ ትገቢያለሽ? ከፍታ ትፈሪያለሽ? ቅዳሜና እሑድን የማይፈልግ ተማሪ መዝናኛ ቦታ ባያመለክት ይሻለዋል። ሰው ሲያርፍ የምትሠሩበት ሙያ ነው።

ከተፈቀደ የመቀበያ ደብዳቤ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ኮሌጁ ሎግ ቡክ ይሰጣችኋል፤ በየቀኑ የሠራችሁትን የምትጽፉበት። ሥራ ቦታ ያለው ኃላፊ ይፈርማል፣ አማካሪ መምህሩ መጥቶ ያያል፣ መጨረሻ ላይ የግምገማ ቅጽ ይሞላል። ሰዓት ያከብራል? ታዛዥ ነው? አለባበሱ? ነጥብ፣ ድምር፣ ማህተም። ክፍያ በአብዛኛው የለም። ደግ ቦታ ከሆነ ምሳ ወይም ትራንስፖርት ይችላሉ።

ከተራራው የተመለሱ ልጆች የሚያወሩት ግን ቅጹ ላይ የሌለውን ነው። ጠዋት ጉም ሲወርድ ከፊት ያለ ሰው እንደማይታይ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ትንፋሽ ሲያጥረው «ቆይ፣ ቀስ በሉ» ማለትን። «ፀጉሬ ይበላሽብኛል» ብላ ሄልሜት አላደርግም ያለችን ሙሽራ ሳያስቀይሙ እምቢ ማለትን። የደህንነት ቀበቶ ሁለት ጊዜ ማየት ጉራ ሳይሆን የሰው ነፍስ መሆኑን። ፈረስ ዝናብ በመታው ድንጋይ ላይ መቼ እንደሚያመነታ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ዛፍ የለየሁት እዚያ ነው» አለኝ። ያስተማሩት አንዲት እናት ናቸው፤ ድሮ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ፣ አሁን ግቢ የሚያጸዱ። ኮሶና ጽድን፣ የትኛው ቅጠል ቶሎ እንደሚነድ፣ የትኛው ጭሱ ዓይን እንደሚያጠፋ ነገሩት። እኔ ሦስት ዓመት «ቅርስና ተፈጥሮ» እያልኩ ሳስተምረው ወይራና ጽድን አይለይም ነበር።

አሁን ኑዛዜዬ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መዝናኛ ቦታ ልምምድ የወጣች ተማሪ አማካሪ ነበርኩ። የቦታውን ስም አልጠራም፣ የኮሌጁንም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነውና።

ያን ሴሚስተር አሥራ ዘጠኝ ተማሪ ተሰጥቶኝ ነበር። አንዴ ሄጄ አየኋት፤ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ነበረች። «እንዴት ነው?» አልኳት። አጠገቧ ኃላፊዋ ነበር። «ደህና ነው ቲቸር» አለችኝ። ፎቶ ተነሳን፣ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ሎግ ቡኳን አመጣች። ወፈር ያለ ነበር። ፈረምኩ፣ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ፣ «ኤ» ሰጠሁ። ተመረቀች።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ቢሮ ስንቀይር ያንን ክምር ወረቀት ስለይ የሷን ገለጥኩት። ቀን 1፣ ትኬት ቢሮ። ቀን 2፣ ትኬት ቢሮ። ቀን 9፣ ትኬት ቢሮ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ቀን 23 ላይ ከሥራው ዝርዝር በታች፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል።

«መምህር፣ እዚህ ገጽ ላይ ከደረሱ፣ እባክዎ ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ይንገሩልኝ። እኔ ብጠይቅ እምቢ አሉኝ። ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ውስጥ ነኝ። ምንም እየተማርኩ አይደለም።»

ቀን 31 ላይ ደግሞ፣ «መምህር፣ እስካሁን አልደረሱም መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ቀን 60 ድረስ፣ ትኬት ቢሮ። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የኔ ፊርማ አለ። ቀን 23 ላይም አለ፣ ቀን 31 ላይም አለ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የወንድሜ ደብተር ትዝ አለኝ፤ «የጠየቀኝ የለም» ያለው። እኔ በየክፍሉ የዚያን ዘመን መንግሥት ስወቅስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪውን ላኩት፣ ሲመለስ ግን አልሰሙትም እያልኩ ነጥብ የሰጠሁበት ፈተና አለ። እሷ ደግሞ የላከችልኝ አንድ መስመር ነበረች፤ ፈረምኩባት።

ስልኳን ፈልጌ ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቀች። «አይ ቲቸር፣ ማንም እንደማያነበው እኮ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ባንክ ትሠራለች፤ ቱሪዝሙን ትታዋለች። በኔ ምክንያት ነው አላልኩም፣ አላለችኝምም። በኔ ምክንያት አይደለም ብዬም መማል አልችልም። ይሄን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ» ብላ።

ለልጅቷ የሰጠሁት መልስ

እና ለባለፈው ሳምንቷ ተማሪ ምን አልኳት? ውጪ አልኳት። ግን እንዲህ አድርገሽ።

አንደኛ፣ ደብዳቤሽን ስትሰጪ «ስንት ክፍል ላይ እዘዋወራለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስኮት ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ክር ብቻ የሚያጠነጥነውን ልጅ አትርሺ።

ሁለተኛ፣ ክፍያ ባይኖር እንኳ ትራንስፖርትና ምሳ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ታክሲው ከኪስሽ ነው የሚወጣው፤ ያ ደግሞ ከአባትሽ ኪስ ነው።

ሦስተኛ፣ በዕድሜና በሥራ የቆዩትን አክብረሽ ጠይቂ። ያቺ ግቢ የሚያጸዱት እናት ተራራውን ከኔም ከመጽሐፌም በላይ ያውቁታል። ቡና አብረሽ ጠጪ።

አራተኛ፣ ሎግ ቡክሽን እውነቱን ጻፊበት። በየሳምንቱ አርብ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቀን 23ን አልጠብቅም።

ለአባትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ። ፈረስ መጎተት በዚህ አገር ነውር የሆነው መቼ ነው? ነገሥታቱ ራሳቸው የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እዚያ ተራራ ላይ ከሁሉ በፊት የከበረው ፈረሱን የሚያውቅ ሰው ነው። ነውሩ ልጅቷ ፈረስ ስትስብ ማየት አይደለም። ነውሩ ስትመለስ «ምን አየሽ ልጄ?» የሚላት ሰው ማጣቷ ነው። ማታ ስትገባ እሱን ይጠይቋት፣ በቃ።

መልሴ ይሄው ነው። ተማሪ ለጉልበቱ ገንዘብ ላያገኝ ይችላል፤ ሰሚ ግን ይገባዋል። የኔታ ይሄን ይከፍሉ ነበር። እኛ ማህተምና ቅጽ ጨምረን እሱን ቀነስን።

የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ጠረጴዛችሁ ላይ የተከመረ ሎግ ቡክ ካለ ዛሬ ማታ አንዱን ገልጡ። ከመሃል ጀምሩ፤ ተማሪ እውነቱን የሚጽፈው ማንም አያየውም ብሎ ባሰበበት ገጽ ላይ ነው።

እናንተ የወጣችሁትስ? የት ወጣችሁ፣ ምን አያችሁ? እስኪ ከታች ጻፉልኝ። ሁሉንም አነባለሁ። የእውነቴን ነው፣ በዚህ ጊዜ አነባለሁ።

ቸር ሰንብቱ።